ጭነታችንን ማን ያውርድ?

በደቡቡ መስመር የምንሠራ ሁላችንም ይህን እናውቀዋለን። ቦሎቄ የጫነው አይሱዙ መጋዘን በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ሸራውን ፈቷል፤ እኛም ከመጋዘኑ ልጆች አራቱን አቁመናል። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ማኅበር አባላት ይመጡና «ተራው የኛ ነው፣ እዚህ ሌላ ሰው ኬሻ አይነካም» ይላሉ። ዋጋ ይጠራሉ። ካልተስማማን መኪናው እዚያው ያድራል፤ የቆመበትን የምንከፍለው እኛ ነን።

አሁን ብዙዎቻችን «እንክሰስ» እያልን ነው። አቤቱታም እየተረቀቀ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ እንዲሰማራ ይፈቅዳል፤ ንብረታችንን ማን እንደሚያነሳው የምንመርጠው እኛ ነን የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል። እነሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 42 ስለ ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይናገራል። በኛ እምነት መደራጀት አንድ ነገር ነው፣ ሌላው እንዳይሠራ በር መዝጋት ሌላ። እዚህ ላይ ከአቤቱታው ጋር ነን።

ሆኖም ከሞምባሳ ባሕር ማዶ ያሉ ነጋዴዎች በዚሁ ጉዳይ ምን እንደገጠማቸው ማየት ይጠቅማል። የህንዷ ኬረላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1978 ለጫኝና አውራጆች ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣች። ሕጉ ሠራተኛውን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ነገር ግን «ኖኩኩሊ» የሚሉት ልማድ ሥር ሰደደ፤ ትርጉሙ የማየት ክፍያ እንደማለት ነው። ባለንብረቱ በራሱ ሰው ወይም በማሽን ሲያወርድ ማኅበርተኞቹ ቆመው ያዩና ይከፈላቸዋል! ነጋዴዎች ጭነታቸውን ለማውረድ ፍርድ ቤት ሄደው የፖሊስ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ክፍያውን ከለከለች። እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሌላው ጎን ነው፦ እዚያ የራሱን ጫኝ ማሠራት የፈለገ ነጋዴ ሰዎቹን ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ልምረጥ ካለ፣ አሠሪ ነኝ ብሎ ይፈርማል።

እኛ የምንሸሸው ይህችን ፊርማ ነው። ባለፈው ከመጋዘኑ ልጆች አንዱ ኬሻ እንደተሸከመ ከመኪና ላይ ወደቀ። የሕክምና ብለን ከኪሳችን ትንሽ አዋጣንና ወደ ቤቱ ሸኘነው። ሌላ ምንም አላደረግንም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በኬንያ በኩል መጋዘን ያላችሁም «የቀን ሠራተኛ ነው» ማለት ሁሌ አያድናችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሥራ ቅጥር ሕጋቸው በተከታታይ የሠራባቸው ቀናት ወር የሞሉለትን የቀን ሠራተኛ እንደ ወር ተቀጣሪ ያየዋል።

የኬሻውም ነገር አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ባይበልጥ ይመከራል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ደንብ የድንች ከረጢት ከ50 ኪሎ እንዳያልፍ ወስናለች። እኛ እስካሁን መቶ ኪሎውን ኩንታል በአንድ ሰው ጀርባ ላይ እየጫንን ዋጋ ተወደደ ብለን እንጮኻለን። (ደግሞ ሃምሳ ኪሎው ኬሻ እምብዛም አይፈነዳም፤ ይህን ለራሳችን ጥቅምም ማሰብ ነበረብን።)

ማኅበሩ የኩንታሉን ዋጋ በጽሑፍ ቢለጥፍ፣ ደረሰኝ ቢሰጥ፣ ለፈነዳው ኬሻ ቢጠየቅ፣ ብዙዎቻችን ሳንገደድ እንቀጥረዋለን። በወር አንዴ ጭነት ለሚያስገባ ነጋዴ አራት ቋሚ ሠራተኛ መያዝ አያዋጣውም። እነሱ ግን ዋጋውን እንደ ሰውየው ፊት ይጠሩታል፤ ኬሻ ሲፈነዳ ደግሞ ማን እንደተሸከመው የሚያስታውስ አይገኝም።

ስለዚህ ረቂቁን ለያዛችሁት ወንድሞችና እህቶች፦ የመምረጥ መብቱን ጠይቁ፣ አብረን እንቆማለን። ከሥሩ ግን ሦስት ነገር ይጨመር፤ ለምናሠራቸው ልጆች የጽሑፍ ውል፣ የጉዳት መድን፣ ሃምሳ ኪሎ ኬሻ። እነዚህ ካልገቡበት የኛን ፊርማ አትጠብቁ።