የላማ ማህፀን የከፍታ ሥራ አይደለም

ስለ ከፍታ ቦታ እንስሳት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የግመል ዘመዶች የሆኑት የላማና የአልፓካ የመራቢያ አካል የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ስስ አየር የቀረጸው ተደርጎ ይቀርባል። ይህ አስተያየት ማስረጃ ይጎድለዋል።

ዋናውን ምስክር እንመርምር። የላማ ጽንስ ከጥቂት አጋጣሚ በቀር የሚያድገው በግራው የማህፀን ቀንድ (ማህፀኗ ከሚከፈልባቸው ሁለት ቅርንጫፎች በአንዱ) ነው። ሁለቱም እንቁልጢዎች በተቀራራቢ መጠን እንቁላል ይለቃሉ፤ በቀኝ በኩል የተፈጠረው ሽል ግን ወደ ግራ ተሻግሮ ይጣበቃል። ወልዳ በማታውቅ ላማ እንኳ የግራው ቀንድ ከቀኙ ይበልጣል። ይሁንና የአፋርና የሶማሌ ቆላ ግመልም የምታረግዘው በዚሁ በግራ ቀንድ ነው። የእንግዴ ልጇም እንደ ላማዋ በማህፀኑ ግድግዳ ላይ በሙሉ የተዘረጋ ነው። የግመልና የላማ ዘር የተለያየው ከ10 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሰሜን አሜሪካ ሲሆን የላማ ቅድመ አያቶች ወደ ደቡብ የተሻገሩት ከዚያ በጣም ዘግይተው ነው። ስለዚህ ይህ አፈጣጠር ላማ ወደ አንዲስ ይዛው የወጣችው የዘር ውርስ ነው።

የእንግዴ ልጁ አሠራርም ይህንኑ ያጠናክራል። የእናትን ደም ከጽንሱ ደም የሚለዩት ስድስት ንጣፎች ናቸው፤ በፈረስና በአሳማም እንዲሁ ነው። ይህን ውፍረት ለኦክስጅን እጥረት የተበጀ ነው ማለት ያስቸግራል።

ከፍታ መራባትን አይነካም ማለቴ ግን አይደለም። በሰሜን ቺሊ በፑትሬ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተመራማሪዎች ከቆላ የመጡ በጎችን እዚያው ለትውልዶች ከኖሩት ጋር አነጻጽረዋል። ከቆላ የመጡት የወለዷቸው ግልገሎች ክብደታቸው ያነሰ ነበር። የነባሮቹ እንግዴ ልጅ ግን ሰፋ ያለና የደም ሥር የበዛበት ሆኖ ተገኘ፤ ግልገሎቻቸውም የተሻለ ክብደት ነበራቸው። ለእንግዶቹ በጎች ቫይታሚን ሲ እና ኢ ሲሰጥ ደግሞ የግልገሎቻቸው ክብደት ጨመረ። ጉዳቱ በከፊል ከአካል ቅርጽ ሳይሆን ኦክስጅን ሲያጥር በሕዋስ ውስጥ ከሚፈጠረው የኬሚካል ጫና የመጣ ነው ማለት ነው።

አንድን የአካል ባሕርይ የከፍታ ሥራ ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የቆላው ዘመድ ይህ ባሕርይ የለውም ወይ? ከፍታ ላይ በኖሩትና አዲስ በመጡት መካከል ልዩነት ይታያል ወይ? የላማ ማህፀን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ የፑትሬ በጎች እንግዴ ልጅ ግን ሁለተኛውን ያልፋል። የእኛ ተመራማሪዎችም የሜንዝን በግ ከአፋር በግ ጋር በዚሁ መንገድ ቢያነጻጽሩ፣ ለደጋው አርቢ ዝርያ የምንመርጥለት በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።