ስንሞት ብቻ የምንጻፍ

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለፋሲካ ሲመጣ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። «መምህር፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ ብዬ ነው» አለኝ። የአንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ታሪክ ነች። የመንደሩ ሰው ቁጥር አራት መቶ አይሞላም። መጠጥ ቤቱን ማን ከማን እንደ ወረሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መቼ ተሰንጥቆ በማን ገንዘብ እንደ ተጠገነ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያፈሰሰበት ዓመት፣ ድልድዩን ጎርፍ ስንት ጊዜ እንደ ወሰደው፣ ሁሉም አለ። በመጨረሻው ላይ ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት የሞቱት የመንደሩ ወጣቶች ስም ተዘርዝሯል። እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነና ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ጭምር። የጻፉት ደግሞ ፕሮፌሰሮች አይደሉም፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪና አንድ ፖስተኛ ናቸው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ደወል ተሰነጠቀ ብሎ ታሪክ! ሁለተኛ ሳነበው ግን ተናደድሁ። የተናደድሁት በእንግሊዞቹ አይደለም። እነሱማ በ1538 እ.ኤ.አ. በየደብሩ የተጠመቀው፣ ያገባውና የተቀበረው ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወጥቶላቸዋል። በ1899 ደግሞ የአገሪቱን አውራጃ ሁሉ ደብር በደብር እንጽፋለን ብለው፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም አልጨረሱትም። (የኛን የመቅደላን መጻሕፍት ጭነው የሄዱትም እነዚሁ ናቸው። ወረቀት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸውንም የሰውንም።) የተናደድሁት በራሴ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

የተወለድሁት ቆቦ ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በምዕራብ የላስታን ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ ይዞ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ ውሃው እኛ ዘንድ ይመጣል። ሆርማትና ጎሊናን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ናቸው ብሎ አይምልም። በክረምት የመጡ ዕለት ግን ድንጋይ እያንከባለሉ ነው የሚመጡት። የቆቦ ገበሬ ያንን ጎርፍ በቅርንጫፍ፣ በድንጋይና በአፈር ጠልፎ ወደ ማሳው እየመራ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ይህን ስንት ትውልድ አደረገው? ማን ጀመረው? የትኛው መንደር ከየትኛው ጋር ተጣልቶ፣ በማን ሽምግልና ታርቆ ውሃውን ተካፈለ?

መጽሐፍ ቤት ገብታችሁ ፈልጉ እስቲ። እኔ ፈልጌአለሁ። ጎብዬ ብዬ ፈለግሁ፤ ማሽላ አገኘሁ። ሆርማት ብዬ ፈለግሁ፤ እሱም ማሽላ ሆነ። ሁለቱም አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተመርጠው የወጡ የማሽላ ዝርያዎች ናቸው። መልካም ሥራ ነው፤ ተመራማሪዎቹን አመሰግናለሁ። ግን ተመልከቱ፤ ጎብዬ የሚባለው ዘር አባቱና እናቱ፣ የሚደርስበት ቀን፣ የቁመቱ ልክ፣ የፍሬው ቀለም ተመዝግቦለታል። ጎብዬ የሚባለው መንደር ይህ አልተደረገለትም። ማሽላው የዘር ሐረግ አለው፤ ማሽላውን የሚዘራው ሰው የለውም።

አይ፣ ተጽፈናል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስናምፅና ስንሞት ተጽፈናል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራያና የአዘቦ አመፅ ተብለን ተጻፍን። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦሩ ተሸንፎ ሲያፈገፍግ የወጉት ራያና አዘቦዎች ናቸው ተብለን ተጻፍን። ይህን አልክድም፤ የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በዚያ ሕዝብ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተዘመተበት፣ ከብቱ እንዴት እንደ ተነዳ ታሪኩን የሚያነብ ተማሪ ይጠየቃል እንዴ? አይጠየቅም። ወንበዴ የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ለፈተና ይመቻል። በ1935 ወያኔ ተነሣ ተብሎ እንደገና ተጻፍን። ያን ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ደበደቡ። ከአብራሪዎቹ መካከል እንደዚያች ቀጭን መጽሐፍ ያለ የመንደር ታሪክ ያለው አይጠፋም እላለሁ። ከቦምቡ ሥር የነበሩት ግን ቁጥር እንኳ በቅጡ አልሆኑም።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። የ1966ቱ፣ ቀጥሎም የ1977ቱ። በ1977 የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ፤ ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ዘፈኑልን። እግዜር ይስጣቸው፤ እርዳታው ሰው አድኗል፤ እኔም ከዳኑት አንዱ ነኝ። ሆኖም ያ ፊልም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስም የለውም። ብርድ ልብስ የለበሰ ጥላ ነው። እኔ ከእነዚያ ጥላዎች ውስጥ ማሽላውን በእጁ ዳብሶ ደጋሌት ነው፣ ጅጉርቲ ነው የሚል፣ ሁለት ጎሳ ደም ሲቃባ መሐል ገብቶ ደም የሚያደርቅ፣ ሲናገር አገር ጸጥ የሚልለት ሰው አውቃለሁ። የሞተው የተራበ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዳኛም፣ መሐንዲስም፣ ገጣሚም ሞቷል። የተረፈውም ብዙው በሠፈራ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተጭኖ ሄደ።

ታዲያ «ታሪኩ በቃል ይተላለፋል፤ አፍሪካ ውስጥ ሽማግሌ ቤተ መጻሕፍት ነው» የሚሉኝ ወዳጆቼ፣ ይህን አባባል እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለዋለው፣ ከእንግዲህ ባትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቃል የሚተላለፈው ተናጋሪና ሰሚ አንድ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ነው። አባት ኮረም ቀርቶ ልጅ መቱ ከሠፈረ ማን ለማን ያስተላልፋል?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1998 ዓ.ም. በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አንድ የቆቦ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳማክረው ተመደበልኝ። ርእሱ በጎርፍ መጥለፍ ዙሪያ ያለ ሥነ ቃል ነበር። ልጁ በእግሩ ከመንደር መንደር ዞሮ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ መጣ። በሦስት ገጽ ላይ የአካባቢውን የውሃ አባቶች ስም፣ ማን ማንን እንደ ተካ፣ በየዘመናቸው የወሰኑትን ጭምር ዘርዝሮ ጻፈ። ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ ማን ይጮኻል፣ ለጥሪው ያልወጣ ምን ይቀጣል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ በማን ጉልበት ይጠጣል። እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከዳር እስከ ዳር ሰረዝሁት። ኅዳጉ ላይም «ለጥናቱ ዓላማ አግባብነት የለውም፤ ይውጣ» ብዬ ጻፍሁ። በምትኩ ስለ ንድፈ ሐሳብ ሦስት ገጽ እንዲጨምር አዘዝሁት። ጨመረ፤ ጥሩ ውጤት አገኘ። ረቂቁ የት እንደ ገባ አይታወቅም። የመጨረሻው ቅጂም ክፍሉ ሲጸዳ ከሌሎቹ ጋር ተጠርጎ መውጣቱን ቆይቼ ሰማሁ።

የሠራሁት ጥፋት የደብተር ጥፋት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። በ1990ዎቹ በራያ ሸለቆ በመንግሥት ገንዘብ ዘመናዊ የጎርፍ መጥለፊያዎች ተሠርተዋል። ኮንክሪት አላቸው፤ የብረት በር አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በጥቂት ክረምት በሮቻቸው በደለል ተደፈኑ። ገበሬውም ከኮንክሪቱ አጠገብ የጥንቱን የቅርንጫፍ መጥለፊያ መልሶ ሠራ። የራያ ጎርፍ ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርና ድንጋይ ይዞ እንደሚመጣ የውሃ አባቶቹ ያውቁ ነበር። መሐንዲሱ የሚያነበው ነገር ግን አልነበረም፤ የሚያነበውን እንደኔ ያለ መምህር ሰርዞታል። የመንደር ታሪክ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለሚሉ መልሴ ይህ ነው።

ዛሬስ? ዛሬ ስለ ራያ የሚያወራ ጠፍቶ አይደለም። ራያ የማን ነው በሚለው ጉዳይ ላይ ካርታ ይዞ ያልተከራከረ የለም። ራያ እንዴት ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ነው ያጣሁት። ባህል ቢሮዎችም ነሐሴ ሲመጣ ሶለልን ያስታውሳሉ። መድረክ ይሠራል፣ ልጃገረዶች ይደረደራሉ፣ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል። ሶለል ያማረ ነው፣ ልቤን ይሞላዋል። ግን በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ ምናምን ቀን አንጨፍርም እኮ! የዩኒቨርሲቲ ጥናትም አለ፣ አልዋሽም። አብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ጥናቱ ውስጥ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 7» የተባለው አዛውንት ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም፤ ስሙንም እዚያ አያገኘውም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ሳለች ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አሁንም ተጻፍን። የመብት ድርጅቶች ሪፖርት አወጡ፤ ማውጣታቸውም ተገቢ ነው። ሪፖርት ግን የሚቆጥረው ሬሳ ነው። ሟቹ የማን ጎረቤት ነበር? በጎርፍ ጊዜ የማንን ቦይ ይጠርግ ነበር? ይህን የሚያውቅ መዝገብ የት ይገኛል ብዬ ስብሰለሰል ነው የአባቴ ቅሬ ትዝ ያለኝ።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት ይቀብራል፤ ለቄሱም ለሼኩም ሐዘን የሚወጣው ያው ሰው ነው። ዳኛ አለው፣ ደብተር አለው። ማን መዋጮ ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሞተ፣ መቃብር እነማን ቆፈሩ፣ እንጀራ ከየትኛው ቤት መጣ፣ ይጻፋል። እንግሊዞቹ በ1538 ያዘዙት መዝገብ ማለት ነው፤ ማንም ሳያዝዘን የያዝነው።

ባለፈው ጥር ወርጄ የቅሬውን ዳኛ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሳያልፍ አይቀርም። ደብተሩ ከነበሩት ሦስት ውስጥ የተረፈው አንዱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ባለቤታቸው በላስቲክ ጠቅልለው ከማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ከተውት ነው የዳነው። ጠርዙ ሻግቷል። በስልኬ ፎቶ ላንሳው ብዬ ለመንኋቸው።

«ከየትኛው ድርጅት ነህ?» አሉኝ።

«ከየትም አይደለሁም አባባ፤ የዚሁ የመንደሩ ልጅ ነኝ» አልሁና የአባቴን ስም ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ እየነኩ፣ ገጹን ቀስ ብለው ገለጡ። አገኙት። የአባቴ ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ መቃብሩን የቆፈሩ ስድስት ሰዎች። ከስድስቱ ሦስቱ እስላም ናቸው። ሁለቱን ልጅ ሆኜ በጠላትነት ነበር የማውቃቸው። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ የኔ ስም አለ።

«ወራሽ ብለን ጽፈንሃል» አሉኝ። «ያለፈው ሁሉ መዋጮ አለብህ። እሱን ክፈልና ፎቶህን አንሳ።»

ከፈልሁ። ደብተሩ ላይም በፊቴ ጻፉት።