የሰው ቀፎ አያደምቅ

ሰው በስልኩ የሚመዘንበት ዘመን ላይ ደርሰናል! ድሮ “የማን ልጅ ነህ?” ነበር ጥያቄው። ቀጥሎ “የት ነው የምትሠራው?” መጣ። አሁን ግን መጠየቅም ቀርቷል… ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥከውን ቀፎ ገረፍ አድርጎ አይቶ መጨረስ ነው። ጀርባው ላይ የተገመጠችው ፖም ካለች “ሰውየው ደህና ነው” ትባላለህ። ከሌለች “አይ… አንድሮይድ ነው የሚይዘው” ተብሎ ፋይልህ ይዘጋል። አንድሮይድ የሚለው ቃል የስልክ ዓይነት መሆኑ ቀርቶ “ፋራ” ለማለት የሚያገለግል የጨዋ ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረው!

እኔ የምለው፣ ይሄ ነገር ምርጫ ነው እንዴ?

ምርጫማ ቢሆን ምን ችግር አለው! አንዱ ቡና ይወዳል፣ ሌላው ሻይ። አይፎን የሚመርጥ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ስልኩ ለብዙ ዓመታት ማሻሻያ ይደርሰዋል፤ ከርካሾቹ አንድሮይዶች ብዙዎቹን ግን አምራቻቸው ቶሎ ይረሳቸዋል። መልሶ ለመሸጥም ዋጋው በቀላሉ አይወርድም። አንድሮይድ የሚመርጠውም የራሱ ምክንያት አለው። በየኪሱ ልክ ይገኛል። ሳፋሪኮም በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምንና ሳፋሪኮምን በአንድ ቀፎ ይዞ መዞር ለሚፈልግ ሁለት የሲም ማስገቢያ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያመሽ ትልቅ ባትሪም ቀላል አይደለም። ይሄ ሁሉ ምክንያት ነው፤ ምክንያት ካለው ሰው ጋር ደግሞ ጠብ የለንም።

ጠባችን “ለምን አይፎን ገዛህ?” ሲባል “እንዴ፣ አይፎን ነዋ!” ከሚለው ጋር ነው። ስልኩን የገዛው ለጆሮው አይደለም፣ ለሰው ዓይን ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ፎቶ ሲነሳ እንኳ ፊቱ ቢሸፈን ግድ የለውም፤ ፖሟ ትታይለት እንጂ!

(አንድሮይድ ይዘው ደግሞ በየካፌው “እናንተ ባሪያዎች ናችሁ፣ እኛ ነፃ ሰዎች ነን” እያሉ የሚሰብኩም አሉ። እነሱም ያው ናቸው። የሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ መፈትፈት በየትኛውም ስልክ ያው ነው።)

ለመሆኑ ይሄ ንቀት ከየት መጣ? አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሰበብ አለው። እዚያ ብዙ ሰው የሚጻጻፈው ስልኩ ላይ ተጭኖ በመጣው የመልዕክት መላኪያ ነው። ከአይፎን ለአይፎን የተላከ መልዕክት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ለአንድሮይድ የተላከው አረንጓዴ። አረንጓዴ የመጣበት የጓደኞች ቡድን ጣጣው ብዙ ነበር፤ ቪዲዮው ይደበዝዛል፣ ወጉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ልጆቹ አረንጓዴውን ልጅ ያገሉታል። በ2022 በአንድ መድረክ ላይ አንድ ጠያቂ ለእናቱ አንዳንድ ቪዲዮ መላክ እንዳልቻለ ለአፕል አለቃ ለቲም ኩክ ቢነግረው፣ መልሱ “ለእናትህ አይፎን ግዛላት” ዓይነት ሆነ። በ2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን ፍርድ ቤት ሲያቆመው፣ አይፎን የሌላቸው ሰዎች የሚደርስባቸውን መገለል ክሱ ውስጥ አንስቶታል። በዚያው ዓመት አፕል በሁለቱ መካከል የተሻለ መልዕክት የሚያመላልስ ዘዴ ፈቀደ። ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ!

እሺ፣ የእኛስ? እኛ የምንጻጻፈው በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነው። እዚያ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ የሚለይ ሰው የለም። ቴሌብሩም በሁለቱም ይሠራል። አያችሁልኝ? እነሱ ቢያንስ ሰበብ ነበራቸው። እኛ ጋ ሰበቡ እዚያው ቀርቶ ንቀቱ ብቻ ነው በሻንጣ የገባው!

የሚገርመው ደግሞ ያ የምንሞትለት ቀፎ ብዙ ጊዜ የእኛን ኑሮ ታስቦ የተሠራ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አይፎን ከ14ኛው ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ ሲም የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ዘመድ ከዋሽንግተን ይዞ ይመጣል፣ ቤተሰቡ እልል ይላል፣ ልጁ ሲሙን በጣቱ ይዞ ስልኩን ዙሪያውን ይፈልጋል… የት ይክተተው! ካርድ የሌለው ሲም የሚባል ነገር መኖሩን የሚሰማው ያን ቀን ነው። ያገለገለ የሚገዛውም የራሱ ጣጣ አለው። ከ2013 ጀምሮ አይፎን ከመጀመሪያ ባለቤቱ አካውንት ካልተላቀቀ አዲሱን ጌታውን አላውቅህም ይላል። ልጁ የእቁብ ዕጣውን ይዞ ሄዶ፣ “ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ከውጭ ነው የመጣው” ተብሎ፣ የሚያብረቀርቅ የወረቀት መጫኛ ገዝቶ ይመለሳል። ስክሪኑ ሲሰበርስ? አፕል አዲስ አበባ ላይ የራሱ ሱቅ የለውም። ከ2019ኞቹ አይፎኖች ወዲህ ደግሞ ስልኩ ኦሪጅናል መሆኑ ያልተረጋገጠ ስክሪን ሲገባለት ራሱ ጽፎ ያሳጣል። ለይሉኝታ የተገዛ ዕቃ ባለቤቱን ሲያሳጣ አይገርምም?

ደግሞስ ይሄ ጣዖት ስንተኛችን ነው? ሞባይል አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ያኔ ቀፎ ወገብ ላይ ሰክቶ መሄድ ብቻውን ማዕረግ ነበር። ከዚያ “ኖኪያ ያልያዘ” ተባለ። ኖኪያ በ2014 የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ሸጠ፤ የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ስልክም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ብላክቤሪ የያዘ ሰው ደግሞ የሚኒስትር ያህል ይጀነን ነበር። በ2022 መጀመሪያ ኩባንያው የቆዩ ስልኮቹን አገልግሎት ዘጋና እነዚያ ባለማዕረግ ቀፎዎች የመሳቢያ ሟሟያ ሆነው ቀሩ። በእነዚያ ቀፎዎች የተነሳ ስንቱ ተናቀ፣ ስንቱስ ተበደረ! ቀፎው ሞተ፤ ብድሩና ቂሙ ግን አብሮት አልሞተም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ በራሱ ገንዘብ የሚቀብጥ ሰው ቢቀብጥ ግድ የለም፤ የፈለገውን ይያዝ። የሚያንገበግበው የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። “እህትዬ፣ ከጓደኞቼ መሃል እኔ ብቻ ነኝ እኮ የቀረሁት…” የሚል የድምፅ መልዕክት ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት ሲሄድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አዲሱ መደበኛ አይፎን አሜሪካ ላይ ከ2021 እስከ 2025 በየዓመቱ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። አንድ ዶላር 3.75 የሳዑዲ ሪያል ነው። ወደ 3,000 ሪያል መጣ ማለት ነው፣ ያውም ቀረጥ ሳይጨመር። በሰው ቤት ተቀጥራ በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህት ይቺን ስልክ ለመላክ የሦስት ወር ደመወዟን ሳትነካ ማስቀመጥ አለባት። ሦስት ወር! የሦስት ወር ሙሉ የሰው ምንጣፍ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ምጣድ። ለእሷ የታሰበው ቤት በሦስት ወር ወደ ኋላ ይሄዳል። የመመለሻዋ ቀን በሦስት ወር ይርቃል። ለምን? ወንድሟ መገናኛ ታክሲ ሲጠብቅ ከኪሱ የሚያወጣት ፖም እንድትኖረው!

ለመሆኑ ያ ወንድም፣ እሷ በምን ዓይነት ቀፎ እንደምትደውልለት አንድ ቀን ጠይቋት ያውቃል?

እሱን ብቻ ግን አንውቀስ። ልጁን “አንድሮይድ” እያልን ሙድ የያዝንበት እኛ ነን። ልጃችንን ሊያገባ የመጣውን ሰው ቀፎውን አይተን ከንፈር የመጠጥን እኛ ነን። ቀጣሪው፣ አስተናጋጁ፣ የሠርግ ሚዜው ሳይቀር ሰውን በስልኩ ሲለካ፣ ልጁ ምን ያድርግ? እህቱን ያስጨነቃት የእሱ ምኞት ብቻ አይደለም፤ የእኛ ዓይን ነው። በሦስት ወር ደመወዟ የከፈለችውም የእኛን ዓይን ነው።

አባቶቻችን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ሲሉ አይፎንን አላዩም፤ ነገሩን ግን አይተውታል። ስለዚህ ስልክ መግዛት ያሰብክ ወንድሜ፣ ያሰብሽ እህቴ፣ ከሻጩ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። በዚህ ስልክ ምን ልሠራበት ነው? ቢሰበር የት አሠራዋለሁ፣ በስንት? ገንዘቡ የማን ነው? ማንም ሰው አያየውም ቢባል፣ ይሄንኑ እገዛ ነበር? መልሱ “አዎ” ከሆነ አይፎንም ይሁን አንድሮይድ በደስታ ያዙት፣ ምርጫችሁ ነው፣ ማንም አያገባውም። መልሱ “አይ” ከሆነ ግን የመረጠላችሁ ሌላ ሰው ነው።

እኛ ተመልካቾቹ ደግሞ፣ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቀፎውን ሲያስቀምጥ ዓይናችንን ወደ ፊቱ እናንሳ። በነፃ ነው፤ እቁብም ሪያልም አያስወጣም።