ለብስክሌት «ያድግበታል» አይሠራም
ልጅ ሆነን ጫማ ሲገዛልን «ያድግበታል» ይባል ነበር፤ እኛም ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀን እንሄዳለን። ይሁን፣ ጫማ አይገድልም። የተራራ ብስክሌት ግን ሌላ ነው። ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ቢያጋጥም እግር ወዲያው መሬት መንካት አለበት፤ ፍሬሙ ከረዘመ ልጁ የሚያርፈው የላይኛው ብረት ላይ ነው።

ሻጩ «26 ነው፣ 29 ነው» ቢላችሁ አትሸወዱ፤ እሱ የጎማው ቁጥር እንጂ የፍሬሙ ልክ አይደለም። ልጁ ጫማውን እንዳደረገ ብረቱን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ይቁም። ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ነክተው፣ ከብረቱ በላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከሌለ ተዉት። ኮርቻ ዝቅ ይላል፤ ፍሬም ግን አያጥርም።

ወላጆች ሆይ፣ ብስክሌቱን የሚነዳው የዛሬው ልጃችሁ ነው፤ የከርሞው አይደለም።