ምነው ጠቆርሽ?

የእህቴ ልጅ ሐርቡ ላይ ተዳረች። መቼስ የሐርቡን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከደሴ ብርድ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ሹራቡንም ኮቱንም በየመንገዱ እያወለቀ ነው የሚደርሰው። እኔም ኮቴን በክንዴ አንጠልጥዬ ሙሽራዋን ልስም ጠጋ ስል ክው አልኩ። ፊቷ ደሴ፣ አንገቷ ኮምቦልቻ፣ ሂና የተቀባው እጇ ሐርቡ! ከዓይኗ ሥር ደግሞ አመድ የመሰለ ግማሽ ጨረቃ ተስሏል።

ጨረቃውን የሳለው ኮንሲለር የሚሉት ቅባት ነው። ሥራው ማድያትን፣ የብጉር ጠባሳን፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሥር የሚታየውን ጥቁረት ከቀረው ፊት ጋር ማመሳሰል ነው። ማመሳሰል አልኩ እንጂ ማንጣት አላልኩም።

ሙሽራዋን ያስዋበችውን ልጅ ከዳሱ ጀርባ አግኝቼ፣ "ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?" አልኳት።

"አብሽር ጋሼ፣ ጠፍቶኝ እኮ አይደለም" ብላ ትምህርቷን ጀመረች። ቀለሙ የሚሞከረው በእጅ ጀርባ ሳይሆን መንጋጋ ላይ ነው፤ በሱቅ መብራት ሳይሆን ደጅ ወጥቶ በቀን ብርሃን። ትንሽ ጠብቆ ሲያዩት ቆዳው ውስጥ የጠፋው ቀለም፣ እሱ የልጅቷ ነው። የጠይም ሴት ዓይን ሥር በነጣ ቅባት በቀጥታ ከተለሰነ አመድ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም በስሱ፤ ከዚያ ፊቷን የሚመስለውን በቀለበት ጣት መታ መታ። ማሸት የለም፣ ማብዛትም የለም፤ በቆላ ከበዛ ላብ ይሰነጣጥቀዋል። እኔ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ጥርት አድርጌ ያስረዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ?"

"ምን ላድርግ? ሱቁ የሚያመጣልን ነጣ ነጣ ያለውን ነው። እሷም 'ቀላ አድርጊኝ' አለች። የራሷን ቀለም ብቀባት፣ ወላሂ፣ 'ምን ሠራሽልኝ?' ነው የምትለኝ።"

እንግዲህ ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው ተከሳሽ ነጋዴው ነው። ለመሆኑ የኛን ቀለም የሚያክል ሸቀጥ ዓለም ላይ ጠፍቶ ነው? የሶማሊያዋ ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠቆረ ቆዳ የሚሆን መዋቢያ በስሟ ማምረት ጀምራለች። የአዲስ አበባዋ ልጅ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ሎደር የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ሆናለች። ሪሃና በ2017 ገበያ ስትገባ ፋውንዴሽኗን በ40 ዓይነት ቀለም ነው የደረደረችው። እዚህ ግን የጠይም አገር ሱቅ ለጠይም የሚሆን ቅባት ይቸግረዋል!

ሁለተኛው ተከሳሽ እኛው ነን። አማርኛችን ከፋብሪካዎቹ ሁሉ በፊት የቀለም መዝገብ ነበረው፤ ጥቁር፣ ጠይም፣ ጠይም ዓሣ መሳይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ... እያልን በስም በስማቸው እንጠራቸዋለን። ችግሩ በዚያው አፋችን ለከሳም፣ ለታመመም፣ ላዘነም "ጠቆረ" እንላለን። ለደላውና ለተመቸው "ቀላ"፣ "ፈካ"! በየበሩ "ምነው ጠቆርሽ?" ተብላ ያደገች ልጅ መስተዋት ፊት ስትቆም ምን እንድትመርጥ ነው የምንጠብቀው? የምትሸፍነው ጠባሳዋን ብቻ መሰላችሁ? ፊቷን ነው።

ፊቷን መሸፈን የለመደች ደግሞ አንድ ቀን ቆዳውን ራሱን ወደ መለወጥ ትሄዳለች። ማንጫ ቅባት ውስጥ ከሚደባለቁት አንዱ ሜርኩሪ ነው። ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳያልፍ ወስነዋል። ግን ውሳኔ ብቻውን መደርደሪያ አያጸዳም። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ "ያነጣል" ስላሏችሁ ብቻ አትግዙ።

መዋብ ይቅር እያልኩ አይደለም። እናቶቻችን ኩልም ሂናም እንሶስላም ያውቁ ነበር፤ ሴት ልጅ በሰርጓ ቀን ብትኳል ምን ገዶኝ! እኔ የምለው፣ ስትዋብ ራሷን ትምሰል ነው።

አሁን እውነቱን ላውጣ። ከሰርጉ ስድስት ወር በፊት ይህችው ልጅ ደሴ ቤቴ መጥታ ነበር። በሩን ከፈትኩና፣ ገና ጉንጯን ሳልስም፣ "ውይ ልጄ፣ ምነው ጠቆርሽ!" አልኳት። ፍቅሬን የገለጽኩ መስሎኝ። እሷ ሳቅ ብላ ዝም አለች። ሐርቡ ዳስ ሥር ያንን አመድ ሳይ ነው የሳቋ ትርጉም የገባኝ። ሱቁንም ልጅቷንም ከመክሰሴ በፊት ቀለሙን የመረጥኩላት እኔው ነበርኩ።

ነገ ከርማ የመጣች ልጅ በራችሁን ስታንኳኳ፣ እባካችሁ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" ይበቃል።