ከአንጀት ምርመራ በኋላ አጥሚት ይቅደም

እንደሚታወቀው ኮሎኖስኮፒ ካሜራ በተገጠመለት ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት የማየት ምርመራ ነው። አንጀቱ በሚያስቀምጥ መድኃኒት አስቀድሞ ይጸዳል፤ በምርመራው ጊዜም ጋዝ ይነፋበታል። ስለዚህ ታካሚው ውኃና ጨው አጥቶ፣ ሆዱም ተነፍቶ ይወጣል።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች እዚህ ላይ የምንጨምረው አለን። ባሕር ዳር 1800፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። በቦይል ሕግ መሠረት የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዝ ይሰፋል። ባሕር ዳር ተመርምሮ በዚያው ቀን ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ሰው ሆድ ውስጥ የቀረው ጋዝ ከ10 በመቶ በላይ ሊሰፋ ይችላል። በዚህ ላይ የባቄላ ንፍሮና ቆሎ ሲታከል ጭንቀቱ ይብሳል።

ዘመድ ግን «አይዞህ፣ ብላ» እያለ ያጎርሳል። ፍቅር ነው፤ ሆኖም በእኛ እምነት የመጀመሪያው ማዕድ ቀጭን አጥሚት፣ ጨው ያለው ሾርባ፣ የፎገራ ሩዝ ቢሆን ይበጃል። በርበሬ የበዛበት ወጥና ጥሬ ሥጋ ጥቂት ይቆዩ፤ ጠላና አረቄ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይከልከሉ። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ መቸኮልም አይገባም፤ ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ውኃ ያነሰው ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ሆድ ሲረጋ እንጀራና ሽሮ ይመለሳሉ።

ብዙ ደም፣ ብርቱ ቁርጠት ወይም ትኩሳት ከታየ ግን መድኃኒቱ ምግብ ሳይሆን ሐኪም ነው። ለታካሚው የሚሰጠው የምክር ወረቀትም በራሳችን ጓዳ ቋንቋ ይጻፍ እንላለን።