በቤት የሚሠራ ኤሌክትሪክ ቱርቦ፦ ከመግጠም በፊት መለካት

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ የሚመረጥበት ወቅት በደረሰ ቁጥር ከተማሪዎች ከሚቀርቡልን ሐሳቦች መካከል አንዱ ተደጋግሞ ይመጣል። ይኸውም በ12 ቮልት የሚሠራ ማራገቢያ ከመኪና የአየር ማስገቢያ ቱቦ ጋር በማገናኘት የሞተሩን ጉልበት መጨመር ይቻላል የሚለው ነው። ስሙም «ኤሌክትሪክ ቱርቦ» ይባላል፤ በዚሁ ስም በውጭ አገር ተሠርተው የሚሸጡ ርካሽ ማራገቢያዎችም አሉ። ሐሳቡን የሚሰሙ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ፈጠራ ነውና ይበረታታ» ሲል፣ ሁለተኛው «የማይሆን ነገር ነው» ብሎ ስቆ ያልፋል። በእኛ እምነት ሁለቱም ወገኖች ያጎደሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስሌት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሌቱን ከአንባብያን ጋር አብሮ መሥራትና ከስሌቱ የምናገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ችግሩ እውነተኛ ነው

በመጀመሪያ የተማሪዎቹ መነሻ ትክክል መሆኑን መመስከር ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህች ከተማ ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር መጠን በሊትር ሲለካ ያው ነው፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ኦክስጅን ሲያንስ ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን በመንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል ማለት ይቻላል። በአሮጌ መኪና እንጦጦን የሚወጣ ሾፌር ይህን ያለ አንዳች መለኪያ ያውቀዋል።

ጉዳዩ ወቅታዊም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ ማገልገላቸው አይቀርም። እነርሱን ለማሻሻል የሚደረገው ሙከራም በዚያው መጠን እንደሚቀጥል መገመት አያዳግትም።

ከፍታ የነጠቀውን ጉልበት በአየር መጭመቂያ የመመለሱ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በጭስ ማውጫው ጋዝ የሚሽከረከረውን ቱርቦ በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ነበር። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ዝቅ አለ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን ያጣውን ጉልበት መልሶ አገኘ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር አለ። ሞስ ተራራውን የወጣው መለኪያውን ጭምር ይዞ ነው።

ግፊቱ ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ማራገቢያው እንመለስ። በአዲስ አበባ ላይ የባሕር ወለልን ግፊት ለማግኘት 24 ኪሎ ፓስካል መጨመር ያስፈልጋል። ይህን በውሃ ዓምድ ብንለካው 2.4 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ ፋን የሚፈጥረው ግፊት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ነው። ከመኪና ማሞቂያ የሚፈታው ማራገቢያም በአሥሮች ከሚቆጠር ሚሊ ሜትር አይዘልም። ከዚህም በላይ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚስበው አየር ማራገቢያው ሊያሳልፍ ከሚችለው ስለሚበልጥ፣ እንዲረዳ የተገጠመው ዕቃ ራሱ የአየር መተላለፊያውን የሚያጠብ እንቅፋት ይሆናል።

ጥቂት ሻል ያለ ሐሳብ ያላቸው ተማሪዎች የቫኩም ክሊነር ሞተር ያነሣሉ። በእርግጥ በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 1,500 ዋት ቫኩም ክሊነር አፉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ወደ 20 ኪሎ ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። ነገር ግን አየር እንዲፈስበት በተከፈተ መጠን ግፊቱ ይወድቃል። ሞተር ደግሞ የሚፈልገው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው፤ ግፊቱንም ፍሰቱንም።

ሒሳቡን እንሥራ

ባለ 1.3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ የአሞላል ጉድለቱ ታስቦለት በሰከንድ ወደ 46 ሊትር አየር ይስባል። አየሩ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ሲጨመቅ በክብደት በሰከንድ 50 ግራም ገደማ ይሆናል። የመጭመቂያው ብቃት 60 በመቶ ነው ብንል፣ ለዚህ ሥራ 2 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። መጭመቂያውን የሚያሽከረክረው ኤሌክትሪክ ሞተር 80 በመቶ ብቃት ቢኖረው ከባትሪው የሚጠየቀው 2.4 ኪሎ ዋት ነው። ይህም በ12 ቮልት 200 አምፔር ማለት ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ዲናሞ ግን አብዛኛውን ጊዜ 100 አምፔር እንኳ አይሰጥም። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪም ይህን ጭነት ብቻውን ቢሸከም ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል።

ሁለተኛው ዕዳ ሙቀት ነው። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ በእኛ ምሳሌ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሞቀ አየር ስለሚሳሳ፣ ግፊቱ በ31 በመቶ ቢጨምርም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በክብደት የሚጨምረው በ15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተራችን በአዲስ አበባ 35 ኪሎ ዋት ይሰጥ ከነበረ ትርፉ ከ5 ኪሎ ዋት ጥቂት ይበልጣል። ዲናሞው ደግሞ በቀበቶ የሚዞረው በዚያው በመኪናው ሞተር ነው። ብቃቱ 55 በመቶ ቢሆን፣ 2.4 ኪሎ ዋት ለማመንጨት ከሞተሩ 4.4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ የሚያተርፈው ከአንድ ኪሎ ዋት ያነሰ ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ እንደሚባለው። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ቢጨመርበት ትርፉ ይሻሻላል፤ 200 አምፔሩ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን በቦታው ይቀራል።

የቡቺ ቱርቦ ብልጫም እዚህ ላይ ይታያል። ከነዳጁ ኃይል ሲሦ ያህሉ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውጭ ይባክናል፤ ቱርቦው ከዚህ ብክነት ላይ ይቃርማል። ኤሌክትሪኩ ግን ሞተሩ ለጎማ ካዘጋጀው ድርሻ ላይ ይቀንሳል።

ታዲያ ፋብሪካዎቹስ?

«ትልልቅ ኩባንያዎች ሠርተውት የለምን?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። አዎን፣ ሠርተውታል። አውዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ባቀረበው ኤስ ኪው 7 በተባለው የናፍጣ መኪና ላይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መጭመቂያ ገጥሟል። ነገር ግን ይህ መጭመቂያ የሚሠራው በ48 ቮልት ነው፤ እስከ 7 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥም በደቂቃ ወደ 70,000 ዙር ይደርሳል። ተግባሩም ሁለቱ የጭስ ቱርቦዎች እስኪነቁ ድረስ ያለውን አጭር ጊዜ መሸፈን እንጂ ዘወትር አየር መጭመቅ አይደለም። እንደዚሁም ከ2014 እስከ 2025 በነበሩት የፎርሙላ አንድ የውድድር ዘመናት በቱርቦው ዘንግ ላይ ኤሌክትሪክ ማሽን ይገጠም ነበር። ያም ማሽን አንድ ጊዜ ቱርቦውን ሲያፋጥን፣ ሌላ ጊዜ ከጭሱ ኃይል ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ጥያቄው የቮልቱ፣ የዋቱና የጊዜው ነው።

ምን ይደረግ?

ማራገቢያውን ሳይለኩ መግጠም ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም። 200 አምፔር በቀጭን ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የተሰበረ የፕላስቲክ ክንፍ ወደ ሲሊንደር ቢገባ ሞተሩን ያበላሻል። በካርቡራተር በሚሠራ መኪና ላይ ደግሞ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ክፍሉ ከላይ የመጣውን ግፊት ካልተጋራ የነዳጁ ፍሰት ይቀንሳል፤ ድብልቁም ይሳሳል። በብዙ ገንዘብ የተገዛ፣ ቤተሰብ የሚተዳደርበት መኪና ለዚህ መሞከሪያ መሆን የለበትም።

ይሁን እንጂ ተማሪውን ስቆ መመለስ ከዚህ የከፋ ጉዳት ነው እንላለን። የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ ቱርቦው ይሠራ፤ ነገር ግን በመኪና ላይ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ። የሚያስፈልገው የ«ዩ» ቅርጽ የያዘ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቀለም የተነከረ ውሃ፣ አምፔር መለኪያና ቴርሞሜትር ነው። ተማሪው የቱቦውን አፍ በየደረጃው እየዘጋ ግፊቱን፣ ፍሰቱንና የሚሳበውን ኃይል ይመዝግብ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ለየብቻ የተማራቸውን የጋዝ ሕግን፣ ቴርሞዳይናሚክስንና ኤሌክትሪክን በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው ያገኛቸዋል።

ይህ እንዲሆን ግን እኛ መምህራን አንድ ልማድ መተው ይኖርብናል። ፕሮጀክት ስንገመግም ለሚዞርና ለሚያበራ ዕቃ ከፍ ያለ ውጤት፣ «ለካሁት፤ አይሠራም» ለሚል ዘገባ ደግሞ ዝቅተኛ ውጤት የመስጠት ዝንባሌ አለ። ይህ ዝንባሌ ተማሪውን ቁጥሩን እንዲደብቅ ያስተምረዋል። በጥንቃቄ ተለክቶ «ትርፉ ከአንድ ኪሎ ዋት በታች ነው» የተባለበት ዘገባ ሙሉ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። እንዲህ ያለው ዘገባ ከፋኩልቲው መደርደሪያ ወጥቶ በከተማችን ጋራዦች ቢነበብ፣ ብዙ ባለ መኪና ገንዘቡን ማራገቢያ ከመግዛት አውጥቶ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን በጊዜው ለመቀየር ያውለው ነበር።